በአዝዋሪት ዳር አራት ደቂቃ

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት፣ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ግምጃ ቤት ተቀምጬ በእጄ የነበረውን ንብረት በዝርዝር አስረከብሁ። ካሜራው፣ ሌንሶቹ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያው፣ የዝናብ ልብሱ፣ ሁሉም በቅጹ ላይ ስም ነበራቸው። ከንብረት ክፍሉ ባልደረባ ጋር ያቆየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዳፍ የማይሞላ፣ ክብ፣ ጥቁር መስታወት። ባልደረባው ወደ መስኮቱ ዞሮ በመስታወቱ አሻግሮ ተመለከተ።

«አቶ ይሁኔ፣ ይሄማ ተበላሽቷል። ምንም አያሳይም እኮ!»

«አልተበላሸም። ሥራው እሱ ነው።»

«አለማሳየት?»

«ብርሃንን ማዘግየት።»

ሳቀና «ልዩ ልዩ» በሚለው ረድፍ ሥር «ጥቁር መስታወት፣ አንድ» ብሎ መዘገበው። እኔም ፈረምሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የምኮራበት ሥራ በዚያ መስታወት የተሠራ ነው፤ ከሁሉ የማፍርበትም እንዲሁ። ሁለቱ «ልዩ ልዩ» ተብለው እንዲቀሩ ስላልወደድሁ ይህን ጻፍሁ።

ሥራ የጀመርሁት ቡሬ ነው፤ የገጠር መንገድና መሻገሪያ በሚሠራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በመዝገብ ቤት ረዳትነት። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ከመዝገብ ቤቱ አጠገብ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ግን አቶ ጥሩነህ የሚባሉ የፎቶግራፍ ባለሙያ ይሠሩ ነበር። መንገድ የሚወጣበትን ገደል፣ ድልድይ የሚጣልበትን ወንዝ ያነሣሉ፤ ፊልሙን በዚያችው ጨለማ ክፍል ያጥባሉ፤ የታተመውን ሥዕል ከፋይሉ ጋር ያያይዛሉ። በወጣትነታቸው የዜማ ትምህርት ጀምረው ከመንገድ የተመለሱ ሰው ናቸው። የአገልግሎት ነገር ከውስጣቸው አልወጣም ነበርና ካሜራቸውን ሲያነሡም ሲያስቀምጡም ንዋየ ቅድሳት የያዙ ይመስሉ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ ረዳታቸው እንድሆን ጠየቁልኝ። የመጀመሪያው ትምህርቴ የተሰጠኝ ቡሬ ከተማ፣ አንድ የብረት በር ሠሪ ደጃፍ ላይ ነው። አቶ ጥሩነህ ከበያጁ ላይ የብየዳ መከላከያ መስታወት ገዙ፤ ብልጭታው ዐይን እንዳይጎዳ ፊት የሚሸፈንበትን ያንን ጥቁር መስታወት። በያጁ ግራ ገባውና «አቶ ጥሩነህ፣ ብየዳ ጀመሩ?» አላቸው።

«አዎ፣ ውኃ ልበይድ ነው» አሉት።

መንገድ ላይ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መልሰው ጠየቁኝ፤ «በቀን ብርሃን የሚወርድ ውኃ ብታነሣ ምን ታገኛለህ?»

«ውኃ።»

«አታገኝም፤ የውኃ ጠጠር ነው የምታገኘው። ፀሐይ ባለበት የካሜራው መዝጊያ ከዐይን ጥቅሻ ፈጥኖ ይከፈትና ይዘጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍንጣሪ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል። መሐንዲሱ ጠጠሩን አይፈልገውም። ውኃው በየት በኩል እንደሚገፋ፣ የትኛውን ዳር እንደሚበላ ማየት ነው የሚፈልገው። ለዚያ መዝጊያው ብዙ መቆየት አለበት። ብዙ ከቆየ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ሥዕሉን ያቃጥለዋል። እንግዲህ ይሄ መስታወት ብርሃኑን ይጠብቅልናል።»

የተማርሁት ሥራ ይህ ነው። መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ በካሜራው ውስጥ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ሥዕሉን መምረጥም፣ ጥራቱን ማስተካከልም አስቀድሞ ያለ መስታወቱ ይደረጋል። ከዚያ መቆሚያው ይጠብቃል፤ ነፋስ ካለ በድንጋይ የተሞላ ከረጢት ከመካከሉ ይንጠለጠላል። ካሜራው በጣት አይነካም፤ መዝጊያው ጫፉ ላይ መጫኛ ባለው ገመድ ይከፈታል። የምናይበት ቀዳዳም በጨርቅ ይሸፈናል፤ ከኋላ ሾልኮ የሚገባ ብርሃን ሥዕሉን እንደ ቡግንጅ ያበላሸዋልና።

አቶ ጥሩነህ ቦታው ከደረሱ በኋላ ወዲያው ካሜራ አያወጡም። ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ዝም ብለው ያያሉ። ጊዜ የሚቈጥሩት ደግሞ በሰዓት አይደለም፤ አቡነ ዘበሰማያት በመድገም ነው። ሳይቸኩሉ አንዴ ሲደግሙት ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ሲያስፈልጋቸው አራቴ ይደግሙና ገመዱን ይለቃሉ።

«ጋሼ፣ ጸሎት ለሰዓት መለኪያ ይሆናል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ያንተ ሰዓት ዝናብ ሲገባው ይቆማል። ደግሞ ሥዕሉ ቢበላሽ እንኳ ጸሎቱ አይባክንም» አሉኝ።

ፊልሙም እንደ ሰው እንደሚደክመው ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከደቂቃ በላይ ሲከፈት ብርሃን መቀበሉ ይሰንፋል፤ ስለዚህ ስሌቱ ሁለት ደቂቃ ካለ ሦስት ተኩል ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ በትንሽ ደብተር ጽፈውት ነበር፤ ወንዙ፣ ወሩ፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ ስንት ጊዜ እንደተደገመ።

ከቡሬ ወደ ቋሪት ተዛወርሁ። በወረዳው ከተማ በገበዘ ማርያም ስድስት ክረምት ሠርቻለሁ። የዚያን ጊዜ ኃላፊያችን በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ መግባት የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በጥቁሩ መስታወት ጅረት ሳነሣ ከውኃው ዳር ቆሙልኝ፤ ነገር ግን እግራቸው አንድ ቦታ አያርፍም። ሥዕሉ ታጥቦ ሲመጣ ጅረቱ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ እርሳቸው የሉም።

«እኔ የት አለሁ?» አሉ።

«ሲንጎራደዱ አለፉ፣ ጌታዬ።»

«እና ሳልፍ አያነሣም?»

«የሚያልፈውን አይዝም። የቆመውን ነው የሚይዝ።»

ለብዙ ጊዜ አኮረፉኝ። ይህን የምጽፈው ለሳቅ ብቻ አይደለም። የመስታወቱን ጠባይ ከመጀመሪያው አውቀው እንደነበር እንዲታወቅ ነው፤ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ካለማወቅ የመጣ አልነበረምና።

ፍኖተ ሰላም ስመደብ ፊልሙ ቀርቶ ዲጂታል ካሜራ መጣ፤ የበያጅ መስታወቱም ቀርቶ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ማጥቆሪያ መጣ። ከሺህ እጅ ብርሃን አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ያለ መስታወቱ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ከበቃ፣ በመስታወቱ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። አቶ ጥሩነህ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ቡሬ ይኖሩ ነበር። የእርሳቸውን ቦታ እኔ ያዝሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከእርሳቸው የተሻልሁ መስሎኝም ነበር።

ከቋሪት በታች አዝዋሪት የምንለው ወንዝ አለ። በበጋ ድንጋይ በድንጋይ ተረግጦ የሚታለፍ ነው፤ በክረምት ግን በወንዙ ላይ ከተወጠረው ገመድ በቀር መያዣ የለውም። ማዶ ያሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን አላቸው፤ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ወዲህ ነው። ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራላቸው ለዓመታት አመልክተዋል። ጥያቄያቸውን ይዘው የሚመላለሱት አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ፣ ነገር የሚያውቁ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። ክልል ላይ ያለው መራጭ ኮሚቴ በየዓመቱ ከቀረቡለት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ይመርጣል። በማመልከቻው ቅጽ ላይ የፎቶግራፍ ቦታ አንድ ብቻ ነው።

በሐምሌ፣ በገበያ ቀን ሄጄ አነሣሁ። ዝናቡ አባርቶ ደመናው ተከፍሎ ነበር። ሰዎች ገመዱን ይዘው እስከ ደረታቸው እየጠለቁ ይሻገራሉ። እኔ ሁለት ደቂቃ ሰጠሁት። ሥዕሉ ሲወጣ ራሴን አስደነቀኝ። ያ ደፍራሽ ውኃ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ነጥቷል፤ ዳር ያለው ዋርካ ቅጠሉ ሳይቀር ቆሟል፤ ማዶ ያለው ኮረብታ ጥርት ብሏል። ተሻጋሪዎቹ የሉም። ስለሚንቀሳቀሱ መስታወቱ አልያዛቸውም። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ባለመኖራቸው ደስ አለኝ። ሥዕሉን ያጠሩልኝ መሰለኝ። ያንኑ ሥዕል ከቅጹ ላይ ለጠፍሁት፤ ኃላፊዬ ኢንጂነር ትርንጎም አይተው «ውብ ነው» ብለው ፈረሙ።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። «ከቀረበው ፎቶግራፍ እንደሚታየው የወንዙ ፍሰት የረጋ ሲሆን ተሻጋሪ ሕዝብም አይታይም፤ በመሆኑም ጥያቄው ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ውስጥ አልተካተተም» ይላል።

ኢንጂነር ትርንጎ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ቆመው ቀሩ። «አቶ ይሁኔ፣ እኔም ፈርሜያለሁ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ለግድግዳ የሚሆን ሥዕል ለፋይል ላክን» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ከተነገሩኝ ተግሣጾች ሁሉ ይህ ብቻ ቃል በቃል ይታወሰኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ መግቢያ ላይ እንደገና ወደ አዝዋሪት ወረድሁ። የደብዳቤው ነገር የደረሳቸው አያ ቢያድግልኝ ከሩቅ አዩኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ሰው አጥፊው! ዘንድሮ ደግሞ ማንን ልታጠፋ መጣህ?»

ዳር ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ከዋርካው ሥር የተቀመጡ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት አየሁ። አልሳቁም። ወይዘሮ ያልጋነሽ ናቸው፤ ወደዚህኛው ዳር ተድረው የመጡ፣ ዘመዶቻቸው ሁሉ ከወንዙ ባሻገር ያሉ። አያ ቢያድግልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ሐምሌ ውስጥ ወንድማቸው ማዶ ሞቱ። መርዶው በጩኸት ከዳር ወደ ዳር ተሻገረ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ሮጠው ወረዱ፤ ወንዙ ግን ገመዱን ራሱን ውጦ ነበር።

ሄጄ እግዜር ያጽናዎት አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀባሪዎቹ አዘኑልኝ» አሉ። «ቃሬዛውን እዚያች ድንጋይ ድረስ አወረዱልኝ። ከፍ አድርገው አሳዩኝ። እኔ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ። ከዚያ ይዘውት ወጡ። አንድ እናት ያጠባችን ወንድሜን እንደ እንግዳ በሩቁ ሸኘሁት፣ አቶ ይሁኔ።»

ድልድዩ ባለፈው ዓመት ተፈቅዶ ቢሆን በበጋው ይሠራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የቀብር ቀን መቅረት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አላብራራም።

ካሜራዬን ሳላወጣ ተመለስሁ። በማግሥቱ ቡሬ ሄጄ ያንን «ውብ» ሥዕል ለአቶ ጥሩነህ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ውኃው ጥሩ ነው። ሰዎቹስ?»

«ይሻገሩ ነበር፤ ስለሚንቀሳቀሱ ጠፉ።»

«ሲሻገሩ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?»

«ሦስት ደቂቃም አይሞላ።»

«ከመሻገራቸው በፊትስ ዳር ላይ ስንት ይቀመጣሉ?»

«ውኃው እስኪጎድል ነው። ግማሽ ቀን። አንዳንዴ አድረው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ሳታይ ነው ያነሣኸው! ግማሽ ቀን የሚቀመጥን ሰው ትተህ ሦስት ደቂቃ የሚሻገርን ታነሣለህ? መስታወቱ የሚወድልህ የተቀመጠውን ነው። የሚጠብቁበትን አንሣ።» ከዚያ ተቆጡ፤ ረጅም ቁጣ ነበር፤ ይገባኝ ስለነበር አልደግመውም። መጨረሻ ላይ ግን «ሰው እንዳታሰልፍ። አስተካክለህ ያስቀመጥኸው ሰው ምስክር አይሆንም» አሉኝ።

በገበያው ማግሥት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የማዶ ሰዎች ወደ ቤታቸው ለመሻገር በሚመጡበት አዝዋሪት ዳር ደረስሁ። ሰማዩ ከብዶ ያካፋል፤ ወንዙ ሞልቷል። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁ። እስከ ቀትር ድረስ ምንም አላነሣሁም፤ ሰው በደረሰ ቁጥር ብቻ የደረሰበትን ሰዓት በደብተሬ ጻፍሁ። አያ ቢያድግልኝ አላስቻላቸውም።

«ስንት ሰው ላስቁምልህ? ጡሩምባ ላስነፋ?»

«ማንንም አይጥሩ፣ አያ። የመጣው ይበቃል።»

«እኛስ ምን እናድርግልህ?»

«የምታደርጉትን።»

«የምናደርገውማ መቀመጥ ነው!»

«እሱን ነው የማነሣው።»

አህያዋን የምትነዳ አንዲት ወጣት ሴት ይህን ሰማች። «ይሄ ሰውዬ አምና እኛን አጠፋ፤ ዘንድሮ አህያዬን ሊያጠፋብኝ ነው!» አለች።

«ይልቅ አማትሽን አምጪለት!» አላት ዶሮ የያዘ ጎረቤቷ፤ ዳሩ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ከፊት፣ ከውኃው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማዶ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች ያያሉ። ከመስመሬ ውስጥ ናቸው። ቢከፋቸው እንዳላነሣ ብዬ ጠጋ አልሁ።

«እትዬ፣ እዚህ ቢቀመጡ ሥዕሉ ውስጥ ይገባሉ። ካልወደዱት ቦታ ልለውጥ።»

«መቀመጡን ለምጄዋለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ያለ መስታወቱ ለካሁ፤ የሰከንድ አንድ አራተኛ። በመስታወቱ አራት ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ጥራቱን በድንጋዮቹ ላይ አስተካከልሁ፤ መቆሚያውን በከረጢት አከበድሁ፤ መስታወቱን ገጠምሁ። አያ ቢያድግልኝ ሌንሱ እንዳይርስ ጃንጥላ ያዙልኝ። የመዝጊያውን ገመድ ተጫንሁ። ካሜራው ራሱ ይቈጥራል፤ እኔ ግን ስምንት ጊዜ ደገምሁ።

አራት ደቂቃ ቆሞ ለሚጠብቅ ረጅም ነው። በዚያ መካከል ሁለት ሰዎች ከኮረብታው ወርደው ተቀላቀሉ፤ አንዱ ውኃውን አይቶ ተመልሶ ሄደ። ማንም ለካሜራው ብሎ ቀጥ አላለም። ከጠዋት ጀምሮ በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ ብርዱ አኮራምቷቸው ተቀምጠዋል፤ ለመንቀሳቀስም ምክንያት አልነበራቸውም።

ሥዕሉ ሲከፈት አያ ቢያድግልኝ ከጃንጥላው ሥር አጎንብሰው አዩ። ውኃው ነጭ ጭጋግ ሆኗል፤ ዳሩ ላይ ግን ሰው ሞልቷል። ከጠዋት የተቀመጡት ልክ እንደ ወንዙ ድንጋይ ጥርት ብለው ወጥተዋል። በመካከል የደረሱት እንደ ጢስ ሳስተዋል፤ በገላቸው ውስጥ ከኋላቸው ያለው ሣር ይታያል። ዞሮ የሄደው ሰው ዱካ የለውም። እያንዳንዱ ሰው በቆየበት መጠን ነው የታየው። ከሁሉ ይልቅ ጥርት ያሉት ወይዘሮ ያልጋነሽ ናቸው፤ የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር ይቈጠራል።

«ኧረ አህያዬ አራት ጆሮ አወጣች!» ብላ ጮኸች ባለ አህያዋ። እውነቷን ነው፤ አካሏ ቆሞ ጆሮዋ ብቻ ሲወዛወዝ ነበር።

ቅጹ ላይ አሁንም የፎቶግራፍ ቦታ አንድ ነው። በእሱ ላይ ይህን ለጠፍሁ። ከጀርባው የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የደረሰበትን ሰዓትና መዝጊያው የቆየበትን ጊዜ ጻፍሁ፤ ያለ መስታወቱ የተነሣውን፣ ውኃው የሚጋልብበትን ሥዕልም በአባሪነት አያያዝሁ። ኢንጂነር ትርንጎ ጀርባውን እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ይሄ ፎቶ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ነው» አሉና ፋይሉን በፖስታ አልላክም ብለው ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ሰብሳቢው «እነዚህ ሰዎች ምነው ጢስ መሰሉ?» ብለው እንደ ጠየቁ ነግረውኛል።

«ጢስ የመሰሉት አሁን የደረሱት ናቸው» ብለው ኢንጂነር ትርንጎ መለሱላቸው። «ጥርት ያሉት ከጠዋት ጀምረው ያሉት ናቸው።»

ሰብሳቢው ጥርት ያሉትን መቊጠር ጀመሩ፤ ከዚያ መቊጠሩን ትተው ፋይሉን ወደ ተፈቀዱት አዛወሩት።

ለአቶ ጥሩነህ አንድ ቅጂ ወሰድሁላቸው። ብዙ አይተው «አድማሱ ወደ ግራ ዘምሟል» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ትንሽ ዘምሟል። ግን ከመኝታቸው ራስጌ ባለው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀልላቸው ልጃቸውን አዘዙ። ከዚያ በኋላ የምስጋና ወረቀትም፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጥቶኛል። የወጣት ባልደረቦቼንም እጅ ይዤ ይህን ሥራ አስተምሬያለሁ፤ በስልካቸው በአንድ አፍታ የሚያነሡትን ትተው ዳር ላይ መቀመጥ የለመዱ አሉ። ከዚያች ግድግዳ የሚበልጥ ሹመት ግን አላውቅም።

ድልድዩ በበጋው ተሠርቶ በግንቦት ተመረቀ። ወንዙ ገና አልሞላም ነበር። ሪባን ተወጥሯል፤ እንግዶች መቀስ ይዘው ቆመዋል፤ ካህናቱ ጸሎት ጀምረዋል። እኔ ካሜራዬን ያለ መስታወት ይዤ ከፊት ቆሜያለሁ። ጸሎቱ እንዳለቀ ወይዘሮ ያልጋነሽ ከሕዝቡ መካከል ወጡ፤ በጋውን ሁሉ ወንዙ ጎድሎ ሳለ «በድልድዩ ካልሆነ አልሄድም» ብለው መቃብሩን ሳያዩ ቆይተው ነበር። ወገባቸውን በነጠላቸው አሥረዋል። ወደ ሪባኑ መጡ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አለፉ፣ ድልድዩንም ረገጡ። አንድ ጥበቃ «እናቴ፣ ገና አልተመረቀም!» ብሎ ሊከተል ሲል ኢንጂነር ትርንጎ ክንዱን ያዙት።

ለቅሷቸው ድልድዩ መካከል ላይ ተሰማ። አንድ ሰው ተከተላቸው፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ አያ ቢያድግልኝ፤ ከዚያ ሁሉም። ካህናቱም ጥላቸውን ይዘው በሪባኑ ሥር ጎንበስ እያሉ አለፉ። እኔም ተከተልሁ። ማዶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ፣ ከወንድማቸው መቃብር ራስ አጠገብ፣ ወይዘሮ ያልጋነሽ በጉልበታቸው ወደቁና በእጃቸው አፈሩን እየመቱ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤

«ወንድምዓለም፣ እኔ አልቀረሁም። መንገዱ ነው የዘገየው።»

እዚያ ፎቶ አላነሣሁም። ሪባኑ የተቆረጠው ለቅሶው አብቅቶ ሕዝቡ ከተመለሰ በኋላ ነው። በምረቃው ቃለ ጉባኤ ላይ ሥነ ሥርዓቱ ለምን እንደ ዘገየ አልተጻፈም። የመዝገብ ሰው ነኝና እዚህ ጽፌዋለሁ።